ዝግባውና የሚራመደው አጥር፦ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ

ኖርዌይ፣ በርገን ላላችሁ የማኅበራችን እህቶች፣ በተለይም «ጉራጌ አገር ደግሞ ምን ልታዪ ነው?» ብላችሁ ለሸኛችሁኝ፣ ያየሁት ከልቤ ሳይደበዝዝ ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። የብዙዎቻችን እግር እዚያ እንደማይደርስ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ጎጃም ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ እዚህ ዝናብ አገር ይህን ያህል ዘመን ስኖር ወልቂጤን የማውቃት በአውቶቡስ ተራ ረዳቶች ጩኸት ብቻ ነበር። በሰላም ወስዶ በሰላም የመለሰኝ አምላክ ክብር ይግባው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ሰዓዳ የምትባል የቡታጅራ ልጅ፣ የአፈርና የውሃ መምህርት፣ ናሆም ከሚባል የአዲስ አበባ የፊልም ባለሙያ ጋር ሆና ስለ አየር ንብረት መለወጥ አንድ ፊልም ሠርታለች። ፊልሙ እንደ ቴሌቪዥን ከፊት ለፊት ብቻ የሚታይ አይደለም። ስልክ የሚሰካበት ትልቅ መነጽር ዓይናችሁ ላይ ይታሰራል። ከዚያ ዞር ስትሉ ኋላችሁን፣ ቀና ስትሉ ሰማዩን፣ ጎንበስ ስትሉ ሣሩን ታያላችሁ። ቦታው ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። ናሆም «ቪአር» ይለዋል፤ እኔ መነጽሩ ብያለሁ።

ፊልሙ የሚያሳየው እምድብር አጠገብ ያለ የአንድ መንደር ጀፎረ ነው። ጀፎረ ማለት በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ሆነው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። መንገድም ነው፣ ግጦሽም ነው፣ ለቅሶና ሰርግም እዚያው ነው። የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው። የሰዓዳ ትምህርት አጭር ነው፦ የዝናቡ ጠባይ እየተለወጠ ነው፤ በብዙ ቀን ይወርድ የነበረው በጥቂት ቀን ይደፋል፤ ሰፊ ሣር ያንን ውሃ ይጠጣዋል፣ የጠበበ ሣር ግን ጎርፍ አድርጎ ወደ ታች ይሰደዋል። መነጽሩን ያደረገ ሰው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የጀፎረውን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያያል። ትናንትን የሣለችው የመንደሩ እናቶች እየመሩ «ዳሩ እዚህ ነበር፣ ዛፉ እዚያ ነበር» እያሉ ባሳዩዋት መሠረት ነው።

የሚተርከው ድምፅ የኔ ነው። ረጋ ያለ አማርኛ ይፈለጋል ተብሎ፣ እዚህ በርገን ካፖርት የሚሰቀልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ ሥዕሉን ሳላይ ነው ያነበብኩት። መካከል ላይ «እስቲ አሁን ወደኋላችሁ ዙሩ፤ የመጣችሁበትን ተመልከቱ» የሚል አለ። እንዴት ያለ ነገር እንደምናገር አላውቅም ነበር።

ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ሰዓዳ «እትዬ የሺ፣ አብረውን ይምጡ» አለችኝ። የቸኮለችበት ምክንያት ነበራት። የዚያ መንደር ሽማግሌዎች ሰኞ ሊቀመጡ ነው፤ ጀፎረው ተሸንሽኖ ቤት መሥሪያ ላጡ ወጣቶች ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ሊወስኑ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የታችኞቹ ቤቶች ውስጥ ገብቶ ነበር። ሜዳው ከዚህ በላይ ከጠበበ እነዚያ ቤቶች አይተርፉም፣ ስለዚህ ሳይወስኑ ይዩልኝ ነው ነገሯ።

*ረቡዕ*

ጊዜው የሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ ዝናብ በሰሜን በኩል እምቢ ያለበት ዓመት። ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ በናሆም አሮጌ መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ተነሣን። የኔ የሥራ ድርሻ መነጽሮቹን በአልኮልና በጥጥ መጥረግ ነበር። ያው ጠባዬን ታውቁታላችሁ፤ የአንዱ ዓይን ለሌላው እንዳይተርፍ ብዬ ራሴው ነኝ የጠየቅኩት።

ጥያ አጠገብ ጎማችን ተነፈሰ። ትርፉ ጎማ ሲወጣ እሱም የተነፈሰ ነው። ናሆም «እትዬ፣ በቃ ሙድ ያዘብን» አለና መንገድ ዳር ተቀመጠ። በርገን ቢሆን ስልክ ተደውሎ፣ ቁጥር ተሰጥቶ፣ ወረፋ ይጠበቃል። ጥያ ላይ ግን አንድ ባለ ባጃጅ ተሳፋሪዎቹን «ይቅርታ፣ እንግዳ ነው» ብሎ አስወርዶ ጎማችንን ይዞ ወደ ጎሚስታ በረረ። ተሳፋሪዎቹ አልተቆጡም፤ እንዲያውም አንዲት ሴትዮ «እስኪመጣ ድንጋዮቹን ላሳይሽ» ብለው እጄን ይዘው ጎራዴ ወደተቀረጸባቸው ትክሎች ወሰዱኝ። ስለ ትክሎቹ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማልረሳው ግን ሴትዮዋ ወደ ቤታቸው የሚወስዱትን ጎመን ከብብታቸው ሳያወርዱ አብረውኝ መዞራቸውን ነው።

ቡታጅራ የገባነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። የሰዓዳ እናት፣ እማማ ዘይነባ፣ በር ላይ ቆመው «አሰላሙ ዐለይኩም! እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» ብለው አቀፉኝ። እኔ ግን በልቤ ተጨንቄያለሁ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾመኛ ነኝ። ቤቱ የእስላም ቤት ነው፤ የእነሱን ሥጋ እኔ አልበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም። እንግዳ ሆኖ እምቢ ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ማዕድ ሲቀርብ ግን ምስሩም፣ ሹሮውም፣ ጎመኑም በሌላ ሰው ሰሃን ነው የመጣው።

«ይሄ ከኔ ቤት አይደለም፣» አሉኝ እማማ ዘይነባ። «ከጎረቤቴ ከአልማዝ ቤት ነው፤ እሷ የናንተ ናት። ረቡዕ መሆኑንም እሷ ነች ያስታወሰችኝ። ዘይቱም የሷ፣ ድስቱም የሷ። እንዳትጠራጠሪ ብዬ ነው ወላሂ።»

እህቶቼ፣ ስንቱ የራሳችን ሰው ለእምነታችን ይህን ያህል ይጠነቀቃል?

*ሐሙስ*

ጠዋት በእማማ ዘይነባ ግቢ ጎረቤት ተሰብስቦ የመጀመሪያውን ማሳያ አደረግን። ሽቶ የተቀባ፣ ቅቤ የተቀባ ራስ ሁሉ በመነጽሩ አለፈ፤ ጥጤ ሲያልቅ አየሁት። እማማ ዘይነባ በሻሻቸው ላይ አሰሩትና የነገው ጎርፍ ሲመጣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሹ። «ያ አላህ! ጫማዬን!» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሳቄን ዋጥኩት። በርገን ዝናብ እንደ ጎረቤት ነው፣ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ውሃ ሰውን ከገዛ ደጁ ሲያሸሽ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም በሌለ ውሃ።

ከዚያ የሰዓዳ አጎት አቶ ጀማል ተራ ደረሰ። ባሕር ዛፍ ነጋዴ ናቸው፣ በየመንደሩ የሚዞሩ። የኔ ድምፅ «ወደኋላችሁ ዙሩ» ሲል ዞሩ።

«ይሄ የሳህሌ ዝግባ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ምነው ደጅ ቆመ?»

«የቱ ሳህሌ?» አለች ሰዓዳ።

«የወልቂጤው ነዋ! ባለ ብየዳ ቤቱ። ባሕር ዛፍ ልገዛው ስሄድ ስንት ጊዜ ከዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። የመንደሩ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው እኮ!» ፊልሙ ከትናንት ወደ ዛሬ ሲሻገር ግን እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይኸው ገባ! ወላሂ ገባ! አንቺ ልጅ፣ ዛፉ ነው የተራመደው ወይስ አጥሩ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰዓዳ ብቻ ፊቷ ተለወጠ። የተራመደው አጥሩ ነው። ጋሽ ሳህሌ ማለት ደግሞ ወልቂጤ ብየዳ ቤት ያላቸው፣ የመንደሩን ልማት የሚመሩ፣ ሽማግሌዎቹን «ፊልሙን እንይላት» ብለው ያሳመኑልን፣ ዓርብና ቅዳሜ ቤታቸው የምናድር ሰው ናቸው!

«አጥሮቹ ወደ ሜዳው እንደገቡ አውቅ ነበር፣» አለችኝ በኋላ። «የማን የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ሰው ለመክሰስ አይደለማ የመጣሁት። እሳቸውንም ወልቂጤ እንጂ መንደር አግኝቻቸው አላውቅም።»

ናሆም አልጨነቀውም። «ቀላል ነው እትዬ። ዛፏን አጠፋታለሁ። ፏ!»

«ዛፉን ካጠፋህ ትናንት ምን ቀረው?» አለችው ሰዓዳ። «ለአንድ ሰው ብዬ ከዋሸሁ ስለ ዝናቡስ ማን ያምነኛል?»

እኔ ደግሞ የወንጌሉ ቃል ታወሰኝ፤ ወንድምህን ለብቻው አግኝተህ ንገረው የሚለው። «በአደባባይ ሳያዩት እኔ ቀስ ብዬ ለብቻቸው አሳያቸዋለሁ፤ ዙሩ ያልኩት እኔ ነኝና» ብዬ ኃላፊነቱን ወሰድኩ። አወሳሰዴ ቀላል ነበር።

*ዓርብ*

ከቡታጅራ ወደ እምድብር በተራራው በኩል ተሻገርን። ከታች በርበሬና በቆሎ፣ ከላይ ገብስና ጉም፤ ጫፍ ላይ ስንደርስ ብርዱ የበርገን ብርድ ሆነና ካፖርቴን ሳወጣ ናሆም «እትዬ አገራቸው ገቡ» ብሎ ቀለደብኝ። ቁልቁል ስንወርድ እንሰት ጀመረ። ለማታውቁት፣ ሙዝ የሚመስል ግን ፍሬው የማይበላ ነው፤ ከግንዱና ከሥሩ ቆጮ የሚባለው ቂጣ ይሠራል። በእኛ በጎጃም ጤፍ ከቤት ርቆ ይዘራል፣ እንሰት ግን ቤቱን እንደ ልጅ ከብቦ ነው የሚቆመው። ስለ ጀፎረው ግን ምን ልበላችሁ! እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አረንጓዴ ሜዳ፣ ግራና ቀኝ ጎጆዎች በሰልፍ። እዚህ ኖርዌይ ማንም በማንም ጫካ ቢያልፍ ከልካይ የለውም ብለን እናደንቃለን፤ እነሱ ለካ ከጥንት አላቸው።

ጋሽ ሳህሌ ግዙፍ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። በራሳቸው ብየዳ ቤት የተሠራ፣ የወይን ሐረግ የሚመስል ብረት የዞረበት በር ከፍተው፣ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ግቡ ግቡ» አሉን። የወንጌል አማኞች ናቸው። ከበሩ ገባ ሲባል ዝግባው ቆሟል፣ እንዴት ያለ ዛፍ! ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ተደርጎለታል።

«ሽማግሌዎቻችን የሚቀመጡት እዚህ ነው፣» አሉ በኩራት። «ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ ወንበሩንም እኔ አሠራሁ። በሬ ለእነሱ ተዘግቶ አያውቅም።» በእርግጥም ሁለት አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ሲነሡ «እግዜር ይስጥልን፣ ቤትህ ይሙላ» ብለው መረቋቸው። እኔና ሰዓዳ ተያየን። የራሳቸውን ጥላ ነው እኮ የሚያመሰግኑበት!

ከዝግባው እስከ ቆርቆሮ አጥሩ ድረስ የባለቤታቸው የእትዬ ትርንጎ እንሰት በረድፍ ቆሟል። እትዬ ትርንጎ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አንደበተ ርቱዕ ናቸው። በጣባ የሞላ ክትፎ ይዘው ብቅ ሲሉ ዓርብ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ወይ ጉዴ! ጾመኛ መሆንዎን ማን ነገረኝ?» ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔ ደግሞ የናንተን ሥጋ አልበላም እማማ፣» አለች ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ።

እትዬ ትርንጎ ጣባውን እንደያዙ ቆመው ከት ብለው ሳቁ። ክትፎውን መለሱት። «እንግዳ እያየ ሥጋ አይበላም» ብለው ባላቸውንም፣ ናሆምንም፣ የቤቱን ሰው ሁሉ ከኛ ጋር ጎመን በዘይትና ቆጮ አስበሉ። ናሆም ክትፎው የሄደበትን በር ሲያይ አመሸ።

ታዲያ ያን ቀን ጋሽ ሳህሌን ለማናገር ሦስቴ ሞከርኩ። አንደኛውን ስጀምር «ጀርባዎን ብርድ ይመታዎታል» ብለው ጋቢ ሊያመጡልኝ ሄዱ። ሁለተኛውን ስጀምር የእግር ውሃ አስቀረቡልኝ። በሦስተኛው ቆርጬ «ጋሼ፣ ፊልሙን ነገ ሰው ሳይሰበሰብ አንዴ ለብቻዎ ይዩት፤ የእርስዎ ዝግባ አለበት» አልኩ።

«ዝግባዬ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ግን እንዴት ተደርጎ? ታላላቆቼ ሳያዩ እኔ አየሁ? አይሆንም እህቴ። በኛ ዘንድ ከሽማግሌ ቀድሞ አፍ አይከፈትም፣ ዓይንም አይከፈትም። እኔ ከእነሱ ሁሉ ታናሽ ነኝ፤ የመጨረሻው ተራ የኔ ነው።»

ምን ልበል? ለክብራቸው የያዝኩት መንገድ በክብራቸው ተዘጋብኝ።

*ቅዳሜ*

ማሳያው ጀፎረው ላይ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እናቶች ከጎን፣ ቤት መሥሪያ የሚጠብቁት ወጣቶች ከኋላ ቆመዋል። ገና ሳንጀምር ስልኮቹ በፀሐይ ግለው ጠፉ። ናሆም ላብ በላብ ሆነ። እትዬ ትርንጎ ከግቢያቸው አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው አምጥተው ጥላ ሥር ዘረጉለት። «ቅቤ እንኳን አያቀልጥም፣ እዚህ ላይ አስተኛቸው፣» አሉት። ስልኮቹ ቅጠሉ ላይ ተጋድመው ቀዘቀዙ፣ ተነሡም።

መጀመሪያ የታሰረላቸው ትልቁ ሽማግሌ አባ ደሳለኝ ናቸው። እዚያ አገር አንድ ሰው ብቻውን በልቶ ሌላው አያይም፤ ብቻውን አይቶ ሌላው መቅረትም እንደዚያው ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ያዩትን ጮክ ብለው ለሕዝቡ ይናገሩ ጀመር። ናሆም ለአንድ ሰው የሠራውን ነገር እሳቸው የሁሉ አደረጉት።

«ሣር ነው የማየው። ሰፊ ነው፣ እንደ ልጅነታችን። ከብቱ እዚያ ማዶ... ያ የነወልዴ ቤት ነው፣ ጣሪያው ሣር ነው ገና።» ሰው ሁሉ እሰይ እሰይ ይላል። «አሁን ሴትዮዋ ዙሩ አለች።» ዞሩ።

ዝም አሉ።

«አባ፣ ምን ይታያል?» አለ ከኋላ አንድ ወጣት።

ፊልሙ ሲያልቅ መነጽሩን ፈትተው ለሚቀጥለው ሽማግሌ ሰጡና ተቀመጡ። ሁለተኛውም ሣሩን ተናገሩ፣ ከብቱን ተናገሩ፣ ሲዞሩ ዝም። ሦስተኛውም እንዲሁ። ስንት ጊዜ ቆጮውን የበሉለትን፣ በጥላው ያረፉበትን ሰው በአደባባይ ማሳፈር አልቻሉም። አንዱም ግን «ምንም የለም» ብሎ አልዋሸም። እኔም በየመካከሉ ያንኑ መነጽር ሁለት ሁለት ጊዜ እጠርግ ነበር።

የጋሽ ሳህሌ ተራ ደረሰ። እየሳቁ አሰሩት፣ «እስቲ ዝግባዬን!» አሉ። የኔ ድምፅ ከትንሹ ድምፅ ማጉያ «ወደኋላችሁ ዙሩ» ሲል ዞሩ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንኳ መነጽሩን አልፈቱም፤ ቆመው ቀሩ። ከዚያ «ድገመው» አሉት ናሆምን። ደገመው። ሲፈቱት ማንንም አላዩም።

«ትርንጎ፣» አሉ፣ «ነይ እዪ።» ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ቤት ገቡ።

*እሑድ*

ጋሽ ሳህሌ በማለዳ ይዘውን ወደ ወልቂጤ ወረዱ፤ እሑድን ወልቂጤ ቤታቸው እንደምንውል ቀድሞ ተባብለን ነበርና ቃላቸውን አላጠፉም። እኔ ከኋላ ሆኜ ዳዊቴን ይዤ፣ «ምነው ባልመጣሁ» ስል ነበር። ከተማው ሲደርሱ መኪናዋን ዞር አድርገው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አወረዱኝ። «ቅዳሴው አልወጣም፣ ይድረሱበት። ሲያበቃ ሰው እልካለሁ፣» አሉኝ፤ እሳቸው ወደ ራሳቸው ጸሎት ቤት ሄዱ። ተቆጥቶም እንኳ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ የሚጨነቅ ሰው ነው።

ምሳ በወልቂጤው ቤታቸው ሆነ። ሰዓዳ እንድትበላ ዓሣ ከገበያ አስመጥተው ነበር። ከማዕድ በኋላ ናሆምን ትክ ብለው አዩት።

«ያ ነገር ውሸት ማሳየት ይችላል?»

«ይችላል ጋሼ።»

«ይሄኛውስ?»

ናሆም ወደ ሰዓዳ አየ። ሰዓዳ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «እናቶች የነገሩኝን ነው የሣልኩት። ተሳስቼ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ፣» አለች።

«አልተሳሳትሽም።» ጋሽ ሳህሌ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ልጅ ሆኜ ከዚያ ዛፍ ላይ ወድቄ ያለቀስኩት ጀፎረው ላይ ነው። አባቴ አንድ ክረምት ከብት እንሰቱን በላብኝ ብሎ አጥሩን በእሾህ ትንሽ ገፋ አደረገው። በሌላው ክረምት ደግሞ ትንሽ። እኔ ገንዘብ ሲገባኝ ቆርቆሮ አደረግኩት። እሾህን ማን ልብ ይለዋል? ቆርቆሮ ሲሆን ደግሞ ድሮም የነበረ ይመስላል። እኔም ራሴ ድሮም የነበረ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ነገ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ነገ ወጣቶቹ ሜዳው ይሸንሸን ሲሉ እኔ አይሆንም ልል ነበር። በየትኛው አፌ?» አሉና ተነሥተው ወጡ።

*ሰኞ*

ከወልቂጤ ስንነሣ ከኋላችን የብየዳ ቤቱ ሠራተኞች መጋዝና ዲጂኖ ይዘው በጭነት መኪና ተከተሉን። መንደር ደርሰው አጥሩን ከመንካታቸው በፊት እትዬ ትርንጎ በሩ ላይ ቆሙ።

«መሬቱን አባትህ ወሰደ፣ አንተ መለስክ፣» አሉ ባላቸውን። «መሐል ላይ እንሰቱን ያሳደግኩት ማን ነው? እኔን ማን ጠየቀኝ? መነጽሩን አስራችሁ እዪ አላችሁኝ፤ አየሁ። የኔ እንሰት ግን በፊልማችሁ ውስጥ አፍ የለውም!»

ጋሽ ሳህሌ ሠራተኞቹን «ቆዩ» ብለው እጃቸውን አነሡ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ እውነታቸውን ነው። መልሱ የመጣው ከታች በኩል ነው። ጎርፍ የገባባቸው ቤቶች ሴቶች መቆፈሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሽቅብ መጡ። የፊተኛዋ «ትርንጎ፣ ቁጣሽን ያዥና ቦታ አሳዪን፤ ልጅ ልጁን ዛሬ ነቅለን ከጓሮ እንተክልልሻለን፣» አለቻቸው። እንሰት ልጅ ሳለ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ነው የሚያድገው። እትዬ ትርንጎ ዓይናቸውን ጠረጉና «አጠጋግታችሁ እንዳትተክሉብኝ!» ብለው እየተቆጡ መሩ። የደረሱት ትልልቆች ለቆጮ የሚፋቁበት ቀን ተቆርጦላቸው ሜዳው ላይ ቆመው ቀሩ።

ቆርቆሮው ሲወርድ አባ ደሳለኝ ምርኩዛቸውን ተክለው ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «እሱ ከሜዳው ያወጣውን አጥር እናንተ ታስገባላችሁ?» አሉ። «እንግዲያ የሚሸነሸን ጀፎረ የለም። የገባ አጥር ያለው ሌላውም ተራውን ይጠብቅ።»

«እኛስ አባ፣ የት እንሥራ?» አለ አንዱ ወጣት። በቁጣ አይደለም፤ በእውነት ጨንቆት ነው።

«ዛሬ የምንቀመጥበት እሱ ነው። የባሕር ዛፍ ቦታ ያለው ሁሉ ለቤት መሥሪያ እንዲያካፍላችሁ ይጠራል፤ መጀመሪያ ሳህሌ።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ግን ጋሽ ሳህሌ ናሆምን «አሁን ደግመህ አንሣው፤ ፊልምህ ዛሬ የሚለው እንዲህ ይሁን» አሉት። እዚህ ላይ ያ ካሜራ ዙሪያውን ስለሚያይ መደበቂያ የለውም። ሜዳው ባዶ እንዲሆን ሰው ሁሉ መጥፋት አለበት። መንደሩ እንዳለ ተደበቀ! ሠራተኞቹ ከቆርቆሮው ጋር ከቤት ጀርባ፣ ሽማግሌዎቹ ከነምርኩዛቸው ጎጆ ውስጥ፣ ናሆም ራሱ ጉድጓድ ውስጥ። እኔ ከእትዬ ትርንጎ ጋር ጓሮ፣ አዲስ የተተከለው እንሰት ሥር ቁጢጥ አልኩ። ጋሽ ሳህሌ ከአንድ ግንድ ጀርባ ቆመዋል።

«ሳህሌ፣» አሉ እትዬ ትርንጎ በሹክሹክታ፣ «ሆድህ ይታያል።»

ጋሽ ሳህሌ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ከየቤቱ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ ቆይቶ እሱም ጸጥ አለ። በእንሰቱ መካከል አሾልቄ አየሁ፦ ሣሩ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀናቸውን የሚጠብቁት ትልልቅ እንሰቶች፣ ዝግባውም በዳሩ ላይ። አንዲት ላም ማንም ሳይነዳት ገባችና ቆርቆሮው በነበረበት በኩል እየጋጠች አለፈች። ናሆም ከጉድጓዱ «ትቆይ፣ ትቆይ፣ ቆንጆ ናት» ሲል ሰማሁት።

ሲያበቃ መጀመሪያ የወጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አባ ደሳለኝ ቀድመው፣ ሌሎቹ ተከትለው፣ ሣሩን አቋርጠው ወደ ዝግባው ሄዱና ተቀመጡ። ማንም «ይግቡ» አላላቸውም፤ እነሱም ማንንም አላመሰገኑም።